በሾፌር እጅ የተላከ ደብዳቤ

ሂውስተን፣ መስከረም 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ እንዴት ነሽ?

ስልክሽ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይጠፋል። ትናንት "አባዬ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ቤቱ ግን..." ስትይ ተቋረጠ። እናትሽ ያቺን "ግን" ይዛ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት ልጻፍልሽ አልኩ። እስከ ሻርለት ጭነት ያለው የትራክ ሾፌር ወዳጄ ይዞልኝ ይሄዳል። ከሻርለት ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ውሃ ጭነው ወዳንቺ ወደ አሽቪል ይወጣሉ። ካርቶኑን እነሱ ያደርሱልሻል።

አውሎ ነፋሷ ሄሊን ፍሎሪዳ የገባችው የደመራ ማታ ነው። በማግስቱ፣ በመስቀል ዕለት፣ የስዋናኖዋ ወንዝ ሳሎንሽ ገባ። ተራራ ላይ ያለ ከተማ በአውሎ ነፋስ ይጥለቀለቃል ብሎ ማን ያስባል? "ሂውስተን እኮ ሜዳ ነው፣ እኔ ተራራ ላይ ነኝ" እያልሽ ትቀልጂብኝ ነበር። ዛሬ ቀልዱን አልመልስልሽም።

ከሁሉ ያልወጣልኝ ግን ከመቋረጡ በፊት ያልሽው ነው። "ከኔ የባሰባቸው ስላሉ ፌማ አልመዘገብም" አልሽ፤ መንግሥት ለአደጋ ተጎጂ የሚሰጠውን እርዳታ። ይህችን አባባል አውቃታለሁ። የኔ ናት፤ ከኔ ነው የወረስሻት።

ሃርቪ የሚባለው አውሎ ነፋስ እኛ ላይ የመጣው በፈረንጁ 2017 ነው። አሁን ደግሞ የእኛው 2017 ገና አንድ ወር ሳይሞላው ይኸው። ይህ ቁጥር ምን እንደያዘብን እንጃ። ያኔ አንቺ አስራ ሰባት ዓመትሽ ነበር፤ ዝናቡን ታስታውሻለሽ። ከተማው ላይ ለቀናት ቆሞ ቀረ፤ በቴክሳስ አንዳንድ ቦታ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ዘነበ። ብሬይስ ባዩ የሚሉት ወንዝ ሞልቶ ወደ ሰፈራችን ሲመጣ ስሙን እንኳ የማናውቀው ሰው በራሱ ጀልባ አወጣን። በኮንቬንሽን ሴንተሩ፣ ከአስር ሺህ በላይ ሰው በተጠለለበት አዳራሽ፣ በታጣፊ አልጋ ላይ አደርን። ይህን ሁሉ ታውቂዋለሽ። ያላወቅሽው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

በሦስተኛው ቀን የፌማ መመዝገቢያ ጠረጴዛ ተዘረጋ። ሰልፉ እስከ በሩ ደረሰ። እናትሽ "ተነስ እንጂ" አለችኝ። እኔ ግን ሰልፉ ውስጥ የማውቃቸው ሐበሾች አየሁ። አንዱ አገር ቤት የቢሮ አለቃዬ የነበረ ሰው ነው። እሱ ፊት ቆሜ "ርዱኝ" ልል? ይሉኝታ ያዘኝ። "እጄንም እግሬንም አልተቆረጥኩም፣ ሠርቼ እተካዋለሁ፣ ለባሰበት ይድረስ" አልኩ። ትልቅ ንግግር አደረግሁ። እናትሽ ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ሽንት ቤት ስሄድ ተሰልፋ አስመዘገበችን። የነገረችኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ቆይቶ ደብዳቤ መጣ። "ብቁ አይደላችሁም" ይላል። ደስ አለኝ ብልሽ ታምኛለሽ? "አየሽ፣ ብዬሽ ነበር" ብዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ሁለተኛውን ገጽ አላነበብኩም። ከአምስት ሳምንት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በነፃ ሰው የምትረዳ የሕግ ባለሙያ "ደብዳቤውን አምጣው" አለችኝ። ገጹን ገልብጣ በጣቷ አሳየችኝ። የጎደለው አንድ ወረቀት ነው፤ ኢንሹራንሱ "የጎርፍ ጉዳት አልከፍልም" ያለበት። እሱ እኮ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር! ይግባኝ ማለት የሚቻለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። እኛ ቀኑ ሳያልፍ አስገባን። የሁለት ወር ኪራይና ለዕቃ የሚሆን ገንዘብ ተሰጠን። በመሀሉ ግን እኔ በይሉኝታ ተበድሬ ነበር። ያንን ብድር ከፍዬ የጨረስኩት አንቺ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ስትገቢ ነው። ለዚህ ነበር መኪና ያልገዛሁልሽ። አሁን አወቅሽው።

እና ልጄ፣ ተመዝገቢ። ያንቺ ስም መግባት የሌላውን ድርሻ አይቀንስም። ተከራይም ይመዘገባል፤ የጠፋ ዕቃሽን፣ ቤቱ የማይኖርበት ከሆነ ደግሞ ጊዜያዊ ኪራይን ያያሉ። ቁጥሩ 800-621-3362 ነው። ኢንተርኔት ከያዘልሽ በድረ ገጻቸውም ይሆናል። ካልያዘልሽ የማመልከቻ ማዕከላቸው የት እንደተከፈተ ጠይቂ። የአደጋው አዋጅ ከወጣ ጀምሮ 60 ቀን አለሽ፤ ግን አትጠብቂ። "750 ዶላር ብቻ ነው የሚሰጡት፣ እሱም ብድር ነው" የሚለው ወሬ እዚህም ደርሶናል። ውሸት ነው። 750ው ለምግብ፣ ለውሃ፣ ለአስቸኳይ ነገር የሚሰጥ የመጀመሪያው ነው፤ አይመለስም። ሌላው ከተጣራ በኋላ ይመጣል።

ቤቱን ከማጽዳትሽ በፊት ሁሉንም ፎቶ አንሺ። ፍራሹን፣ ፍሪጁን፣ ግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበትን መስመር። እኛ ሁሉን አውጥተን ከጣልን በኋላ ነው ፎቶ ያስታወስነው። የኪራይ ውልሽ ውሃ ከወሰደው የሆስፒታሉ የደመወዝ ወረቀት ላይ አድራሻሽ አለ፤ የመብራት ቢልም ይረዳል። መኪናሽ ሙሉ ኢንሹራንስ ካለው ጎርፍን ይሸፍናል፤ ዛሬውኑ ደውዪላቸው። የቤት ኢንሹራንስ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ጎርፍ ለብቻው ካልተገዛ የለም። ይህን እኛ በገንዘባችን ተምረነዋል።

ፌማ ነኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ገንዘብ ከጠየቀሽ በሩን ዝጊ። መታወቂያውን ሳታዪ አታስገቢ። የግድግዳውን ሰሌዳ፣ ሺትሮኩን፣ እቀይራለሁ ላለኝ ሰው ግማሹን በቅድሚያ ከፍዬ ዓይኑን ሳላየው ቀረሁ። በመጨረሻ ግድግዳውን አፍርሰው ያወጡልን የእድራችን ልጆች ናቸው። እኔ እድርን ለቀብር ብቻ አድርጌ ነበር የማየው። ቅዳሜ ጠዋት አስራ ሁለት ሆነው ጓንትና መዶሻ ይዘው መጡ፣ እናትሽ ገበታ ታቀርባለች፣ እነሱ ያፈርሳሉ። እኔ ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ። አላየሽኝም።

አብራሽ ስለምትሠራው ልጅ ስታወሪኝ ነበር፤ በቲፒኤስ፣ በጊዜያዊ የመቆያ ፈቃድ ያለችው፣ ትንሽ ልጅ ያላት። እሷ በራሷ ስም የፌማን ገንዘብ አታገኝም። ሕፃኑ ግን እዚህ የተወለደ ዜጋ ስለሆነ በሱ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ማመልከት ትችላለች። ይህን ንገሪያት፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። መጠለያ፣ ምግብና ውሃ ደግሞ ማንም ወረቀት አይጠይቅበትም። ፈርታ ውሃ ሰልፍ ሳትሄድ እንዳትቀር።

ለቀሪው 211 ደውዪ። የት ውሃ እንደሚታደል፣ የት ገላ መታጠብ እንደሚቻል፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ምግብ እንደሚያበስል ይነግሩሻል። የዎርልድ ሴንትራል ኪችን ሰዎች ትኩስ ምግብ ይዘው አሽቪል ገብተዋል። ቢላቭድ አሽቪል የሚባሉት የከተማው ልጆችም ቤት ለቤት እየዞሩ ነው አሉ። አንቺ ነርስ ነሽ፤ ሌላውን ስትረጂ ውለሽ ማታ ለራስሽ ሰልፍ መቆም እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ቁሚ።

አንድ ነገር ላሳቅሽ። መንገዱ ተቆርጦ መኪና በማይደርስባቸው ተራሮች ላይ በቅሎዎች ምግብ ጭነው ሲወጡ በቴሌቪዥን አየን። አሜሪካ ውስጥ! እናትሽ "መንዝ ያለው አባቴ ይህን ቢያይ ስንቱን ይመክራቸው ነበር" ብላ ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። 

ካርቶኑ ውስጥ ያለው ይኸው ነው፤ ሁለት የሚሞላ ባትሪ፣ የእጅ መብራት፣ ጓንት፣ እናትሽ ያሸገችው ቆሎና ዳቦ ቆሎ። ሽሮም ልትጨምር ነበር፣ "በምን ውሃ ትሠራዋለች" ብዬ አስወጣሁት። ተጣልተናል። ቡናውን ግን መከልከል አልቻልኩም። ቧንቧሽ እስኪመለስ አስቀምጪው። ዳቦ ቆሎውን ብዙ ያደረግነው ሆን ብለን ነው፤ ሰልፍ ላይ ከፊትና ከኋላሽ ላሉት አቀምሻቸው።

ስትመዘገቢ ዘጠኝ አኃዝ ያለው የምዝገባ ቁጥር ይሰጥሻል። መስመር በያዘልሽ ሰዓት ሌላ ምንም ባትጽፊ እሱን ብቻ ላኪልኝ። መሳቢያ ውስጥ አልከተውም።

አባትሽ