ሰው በሌለበት የሚጠይቅ ኢንስቶለር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰርቨር ላይ ሶፍትዌር የሚጫነው ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ በስክሪፕት (በተራ ተጽፈው በሚሠሩ ትእዛዞች) ነው። ኢንስቶለሩ (ሶፍትዌሩን የሚጭነው ፕሮግራም) መሀል ላይ «ልቀጥል?» ብሎ ከጠየቀ መላሽ ስለሌለ ተገትሮ ያድራል። ለዚህ መላ ተብሎ የተለመደው «የስ» የተባለውን ትእዛዝ በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው ግብዓት አድርጎ) ማያያዝ ነው። ይህ ልማድ አደገኛ ስለሆነ ቢቀር እላለሁ።

«የስ» ጥያቄውን ሳያይ «ዋይ» የምትለዋን ፊደል ያለማቋረጥ ይልካል። የፈቃድ ስምምነት ከሆነ ያልፍ ይሆናል። «የት ፎልደር ልጫን?» ከተባለ ግን «ዋይ» የሚባል ፎልደር ይፈጠራል፤ «የድሮው ዳታቤዝ ይጥፋ?» ከተባለም ይጠፋል። የይለፍ ቃል የሚጠይቁት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መልሱን በቀጥታ ከተርሚናሉ ስለሚያነቡ «የስ» አይደርሳቸውም። በባሽ (ትእዛዝ ተቀባዩ ሼል) «ፓይፕፌይል»፣ ማለትም በፓይፕ ከተያያዙት አንዱ ሲወድቅ ሁሉም እንደወደቀ የሚቆጥረው ማስተካከያ፣ ከበራ ደግሞ ጭነቱ ተሳክቶ እንኳ ስክሪፕቱ 141 የሚል የስህተት ኮድ ሊመልስ ይችላል፤ ኢንስቶለሩ ሲያበቃ «የስ» ፓይፑ ተዘግቶበት ስለሚሞት ነው።

መደረግ ያለበት ኢንስቶለሩ ራሱ ያለ ጥያቄ እንዲሠራ የተዘጋጀለትን አማራጭ «ሄልፕ» ላይ ፈልጎ መጠቀም ነው። ለምሳሌ የፓይተን መጫኛው ሚኒኮንዳ «ሰረዝ ቢ» ሲባል አይጠይቅም፤ «ሰረዝ ፒ» የሚጫንበትን ፎልደር ይቀበላል። «ሰረዝ ቢ» ማለት ፈቃዱን ተቀብያለሁ ማለት ስለሆነ ፈቃዱ አስቀድሞ ይነበብ። የሼሉን መነሻ ፋይል ስለማይነካም «ፓዝ» (ሼሉ ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ላይ የምንጨምረው እኛው ነን። በሜክሴልፍ (ፋይሎችን ራሱን በሚፈታ አንድ ፋይል በሚያሽግ መሣሪያ) የታሸጉ የ«ራን» ፋይሎች ላይ ደግሞ የማሸጊያው አማራጮችና ውስጡ ያለው ስክሪፕት አማራጮች የሚለዩት ብቻቸውን በቆሙ ሁለት ሰረዞች ነው። እነሱ ከተረሱ ማሸጊያው አማራጩን አላውቀውም ብሎ ያቆማል።

ብዙ ሰው የሚደናቀፈው ኡቡንቱና ዴቢያን በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ነው። የፓኬጅ መጫኛው የአፕት-ጌት «ሰረዝ ዋይ» የሚመልሰው የአፕትን ጥያቄ ብቻ ነው፤ ፓኬጁ ስለ ራሱ ማስተካከያ የሚጠይቀው በዴብኮንፍ (የፓኬጆች ጥያቄ አቅራቢ) በኩል ስለሆነ «ዴቢያን ፍሮንትኤንድ» የተባለው ተለዋዋጭ «ኖንኢንተራክቲቭ» መባል አለበት። ቦታው ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ከሚያሠራው ከ«ሱዱ» በኋላ ነው። ከፊቱ ከተጻፈ ሱዱ በተለመደው አሠራሩ ያራግፈዋል፣ ጥያቄውም ይመለሳል። ይህም ተደርጎ ዲፒኬጂ (ከአፕት ሥር ሆኖ ፓኬጁን የሚጭነው) በእጅ የተቀየረ የኮንፊግ ፋይል ሲያገኝ የትኛው ይቅር ብሎ ይጠይቃል። «ፎርስ-ኮንፍዴፍ» እና «ፎርስ-ኮንፎልድ» አብረው ሲሰጡ የእኛን ፋይል ይዞ ይቀጥላል። ኡቡንቱ 22.04 ላይ የትኞቹ ሰርቪሶች እንደገና ይነሱ የሚለው የኒድሪስታርት ጥያቄም አለ፤ «ኒድሪስታርት ሞድ» «ኤ» ሲባል ዝም ይላል።

ዝምታው ራሱ የሚያመጣው ጣጣም አለ። ባዶ ኮንቴይነር (ለብቻው የተነጠለ አነስተኛ ሲስተም) ላይ «ቲዜድዳታ» የተባለው የሰዓት ክልል ፓኬጅ ያለ ጥያቄ ሲጫን ሰዓቱን ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ያደርገዋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ አገልግሎት ሎጉ (የክንውን መዝገቡ) ላይ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይመዘግባል። ከመጫኑ በፊት «ሎካልታይም» የተባለውን ሊንክ ወደ አፍሪካ/አዲስ አበባ ማዞር ይህን ያስቀራል።

የቀረ ጥያቄ ካለ ደግሞ ከመንጠልጠል መውደቅ ይሻላል። ስታንዳርድ ኢንፑቱን (መልስ የሚያነብበትን ግብዓት) ምንጊዜም ባዶ ከሆነው ከ«ዴቭ ናል» አያይዙ፣ ትእዛዙንም የጊዜ ገደብ በሚጥለው በ«ታይምአውት» ጠቅልሉት፤ ጊዜው ሲያልቅ 124 ይመልሳል። ገደቡ ግን ለጋስ ይሁን፤ ዲፒኬጂ መሀል ላይ ከተቆረጠ ፓኬጆቹ በከፊል ተጭነው ይቀራሉ፣ «ኮንፊገር ሰረዝ ኤ» ብሎ ማስጨረስም ግድ ይሆናል።

ኢንስቶለር የምትጽፉ ወገኖቼ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ አማራጭ አብጁለት። ግብዓቱ ተርሚናል ካልሆነ አትጠይቁ፤ የጎደለውን አማራጭ በስሙ ጠርታችሁ ከዜሮ በተለየ ኮድ ውጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሲስተም አስተዳዳሪ