ለአንተ፣ ስለ መንግሥት ላም

ይድረስ ለወንድሜ፣

ጤና ይስጥልኝ። አራት ዓመት ጠፍቼብህ ዛሬ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ይቅርታ። ነገ እደውላለሁ ስል ነገው ዓመት ሆነ። እማማ ስታርፍ የላክኸው መልእክትም ደርሶኝ ነበር፤ አልመለስኩልህም። እሱን ሌላ ቀን ላጫውትህ። ቤት ሁሉም ደህና ነው። ትልቋ አምስተኛ ክፍል ገባች።

ዛሬ የጻፍኩት አንድ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። ከአንተ ሌላ ደግሞ የሚገባው ሰው የለኝም።

ወንዶ ገነት እያለን ራት ላይ የምንጨቃጨቅበት የአደን ነገር ትዝ ይልሃል? አንተ የኬንያ ጠበቃ ነበርክ። እ.ኤ.አ. በ1977 አደን ከለከሉ፣ እኛም እንከልክል ትል ነበር። የደጋ አጋዘን ሳይንሳዊ ስም ውስጥ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1908 የገደላት የእንግሊዛዊው አዳኝ ስም አለ ብለህ ስትናደድ አይረሳኝም። ለፋሲካ ዶሮ ማረድ አቅቶህ ጎረቤት የጠራኸው ሰውዬ፣ ያኔ እኔን ጨካኝ ብለኸኛል። እኔም መልስ አልነበረኝም። የነበረኝ ያው ቁጥሩ ነው። አዳኙ ለአንድ ወንድ አጋዘን ፈቃድ የሚከፍለው 15,000 ዶላር፣ ከዚያ ውስጥ 85 በመቶው ለክልል። ቁጥሩን ስጠራ ነገሩ ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ወር ከጫካው ጥግ ካሉት ቀበሌዎች ወደ አንዱ ለሥራ ሄጄ ነበር። ጠዋት ነው፣ ብርድ። አስታው ቁጥቋጦ መሃል የሆነ ነገር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ሴት ደጋ አጋዘን ናት። ከሞተር ሳይክል ፍሬን ገመድ የተሠራ ወጥመድ አንገቷ ውስጥ ገብቷል። ዙሪያዋ ሣር የሚባል የለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትታገል መሬቱን አራቁታዋለች። ገመዱን በቢላ ልቆርጥ ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። በእጄ ፈታሁት። ግን አልተነሳችም። ትንፋሿ ካቆመ በኋላም ሆዷ ይንቀሳቀስ ነበር።

እርጉዝ ነበረች።

ከኋላዬ ሰው ሲያስል ዞርኩ። የማውቃቸው ገበሬ ናቸው፣ ቡና ያጠጡኝ ሰው። አልሸሹም። "የኔን ገብስ ማን ይክፈለኝ?" አሉኝ። "የበላችብኝ የመንግሥት ላም ናት። የመንግሥት ላም ስትሞት ጠያቂ አላት። የኔ ልጆች ሲራቡ ማን ይጠይቃል?" ማሳቸውን ወስደው አሳዩኝ። ከጫካው በኩል ያለው ግማሹ ተግጧል። የቀረውም ተረጋግጦ ተኝቷል።

ይሄን ለማንም አልተናገርኩም... አልጠቆምኳቸውም። መጠቆም ሥራዬ ነበር። ገመዱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተመለስኩ። እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው "የመንግሥት ላም" የምትለዋን ቃል ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ባሌ ተራሮች ፓርክ፣ ዲንሾ ላይ የሆነውን አባቴ ሲያወራ አንተም ሰምተሃል። ጥበቃው ፈረሰ፣ ሰዉም አጋዘኖቹን ጨረሳቸው። ያኔ ክፋት ይመስለኝ ነበር። ለካ የመንግሥት ንብረት ነበሩ፤ ባለቤቱ ሲሄድ ባለቤት አጡ።

አሁን የማምነውን ልንገርህ። በሥርዓት የሚታደን አንድ ያረጀ ወንድ አጋዘን ሞቶ ጫካው ከቆመ፣ እኔ እቀበለዋለሁ። ወጥመድ ዕድሜና ጾታ አይለይም። ግን ገንዘቡ ገብሱ የተበላበት ሰው ቤት ካልገባ፣ አደኑ ጥበቃን ይደጉማል የሚለው ነገር ወረቀት ላይ ይቀራል። እኚያ ገበሬ በሕይወታቸው አንዲት ሳንቲም አላዩም። የት እንደቀረች እኔ አላውቅም፣ ማንንም አልከስም።

ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ1996 ሕጉን ቀይራ በዱር እንስሳው የመጠቀሙን መብት ለተደራጀው የመንደር ማኅበር ሰጠች። ከአደን የሚገኘው ገንዘብም ሥጋውም ለማኅበሩ ነው። ዚምባብዌ ካምፕፋየር የሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም ቀድማ ጀምራ ነበር፤ እዚያ ግን ብዙው ገንዘብ የወረዳ ምክር ቤቶች ጋ እየቀረ ሰዉ ተስፋ ቆረጠ። የአንተዋ ኬንያ ደግሞ አደን ከከለከለች ጀምሮ እስከ እ.ኤ.አ. 2016 ድረስ የዱር እንስሳቷ በአማካይ 68 በመቶ ቀንሰዋል። ሁሉንም በክልከላው አላሳብብም። አጥር አለ፣ ከብት አለ፣ እርሻ አለ። ክልከላው ብቻውን እንዳላዳናቸው ግን አየን።

ፍርሃትም አለኝ። ደጋ አጋዘን ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ እንደ በግ አትቆጠርም። ኮታው በግምት ከወጣ፣ ትልልቅ ቀንድ ያላቸው ሲያልቁ ወደ ወጣቶቹ ይኬዳል። እሷ ደግሞ ከዚህ አገር ሌላ አገር የላትም።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ቀበሌው ስብሰባ ጠርቷል። ጫካቸው ለቁጥጥር አደን ይከለል ወይስ ይቅር በሚለው ላይ ነው፣ ተናገር ተብያለሁ። ድርሻቸው በቀጥታ በቀበሌው ስም ይግባ፣ በየዓመቱም ሰው ፊት ይነበብ፣ ካልሆነ አትፈርሙ ልላቸው ነው። እኚያ ገበሬ ከፊት እንደሚቀመጡ አውቃለሁ። ገንዘቡ እንደገና ባይመጣስ? ያን ጊዜ ዓይናቸውን እንዴት አያለሁ?

አንተ ያለህበት ሚኒሶታ ሰው አጋዘን ያድናል አይደል? እዚያ አሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1937 ጀምሮ ከጠመንጃና ከጥይት ላይ የሚሰበሰበው ታክስ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንደሚውል አንብቤያለሁ። ገንዘቡ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ሰዉ እንዴት ያውቃል? ጠይቅልኝ። የምትቃወመኝም ከሆነ እንደ ድሮው ተቃወመኝ፣ አልቀየምም። ብቻ ከቅዳሜ በፊት ይሁን።

ካኪ ጃኬትህ አሁንም እኔ ጋ ነው። ያን ቀን ለብሼው ነበር። ደሙ ሁለት ጊዜ ታጥቦም እጅጌው ላይ ቀርቷል።

ወንድምህ፣ ከጎባ