አድማውን የጠሩት ኪንግ አይደሉም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ለማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ባወጣችሁት ዘገባ ኪንግ «እሳቸው» ሲባሉ ሮዛ ፓርክስ «ደክሟት አልነሳም አለች» ተብላለች። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ከተማ አውቶቡስ ላይ መቀመጫቸውን ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም ብለው ሲያዙ ፓርክስ የ42 ዓመት ሴት፣ በከተማው የጥቁሮች መብት ማኅበር ለዓመታት ጸሐፊ ሆነው የሠሩ ሰው ነበሩ። ኪንግ 26 ዓመታቸው ነበር። አንቱታው በዕድሜም በሥራም ለማን ይቀድም ነበር? ሴት ስለሆኑ ብቻ «አንቺ» መባላቸው እንደ ሴት አንባቢ አስቆጥቶኛል።

«ኪንግ አድማውን ጠሩ» የሚለውም ስሕተት ነው፤ አድማው ጥቁሮች የዘር መለያየትን ተቃውመው በከተማው አውቶቡሶች መሳፈር ያቆሙበት ነው። የጠሩት የአላባማ ስቴት ኮሌጅ የእንግሊዝኛ መምህርት ጆ አን ሮቢንሰን ናቸው። የሚመሩት የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት አድማ ሊመጣ እንደሚችል ለከንቲባው በደብዳቤ ያስጠነቀቀው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1954፣ ፓርክስ ከመታሰራቸው ከዓመት ተኩል በፊት ነው። ሐሙስ ታኅሣሥ 1 ቀን 1955 ፓርክስ ሲታሰሩ ሮቢንሰን ሌሊቱን ኮሌጁ ገብተው፣ ከአንድ ባልደረባቸውና ከሁለት ተማሪዎች ጋር በራሪ ወረቀት ሲያባዙ አደሩ። ወረቀት ለመቆጠብ መልእክቱ በአንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ተጽፎ ይቆረጥ ነበር። አርብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት ከተማው ውስጥ ተበተነ። ሰኞ አውቶቡሶቹ ጥቁር ተሳፋሪ አጡ። ኪንግ አድማውን ለመምራት የተቋቋመው አዲስ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነው የተመረጡት በዚያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው።

የኪንግን ሥራ ማሳነሴ አይደለም። ሕዝቡን 381 ቀን አንድ አድርጎ ማቆየት፣ ባለቤታቸውና ጨቅላ ልጃቸው ያሉበት ቤት በቦምብ ሲመታ የተቆጣውን ሰው ከበረንዳ ላይ ሆኖ ማረጋጋት ቀላል አይደለም። ግን ያን ሁሉ ቀን በእግራቸው ሥራ የገቡት አብዛኞቹ የቤት ሠራተኞች ነበሩ። አድማ የመቱትን ለሚያመላልሱት መኪኖች ቤንዚን ከሚገዛው ገንዘብ ከፊሉ ጆርጂያ ጊልሞርና ጓደኞቻቸው ምግብና ኬክ ሸጠው ያመጡት ነው።

በአውቶቡሶቹ ላይ የነበረውን የነጭና የጥቁር መለያየት ያፈረሰውም አድማው ብቻ አይደለም፤ ጠበቃ ፍሬድ ግሬይ በየካቲት 1956 የመሠረቱት ክስ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለከሳሾቹ የተሰጠውን ፍርድ ያጸናው በኅዳር ነው። ፓርክስ ከሳሽ አልነበሩም፤ የእሳቸው ጉዳይ በክልሉ ፍርድ ቤቶች ሊጓተት ይችል ስለነበር በፌዴራል ፍርድ ቤት አራት ሴቶች ከሰሱ። አንዷ ከፓርክስ ዘጠኝ ወር በፊት፣ በ15 ዓመቷ የታሰረች ተማሪ ናት። አራቱም በዘገባችሁ የሉም።

እርማቱን ዘገባው በወጣበት ቦታ አውጡት፤ ስማቸውንም ጻፉ፦ ኦሪሊያ ብራውደር፣ ሱዚ ማክዶናልድ፣ ክሎዴት ኮልቪን፣ ሜሪ ሉዊዝ ስሚዝ።