የታሪክ ክበብ፦ አክሊሉ የማን ነው?

የታሪክ ክበባችን ዘንድሮ ያጠናው ርዕስ የጥንት የፈረስ እሽቅድምድም ነው። ርዕሱ የተመረጠው በጠባብ የድምፅ ልዩነት ነበር፤ ጦርነትና ነገሥታት የሚወዱት አባላት «ፈረስ ሮጠ፣ አሸነፈ፤ ከዚያስ?» እያሉ አላግጠዋል። ላገጣው ግሪክ ስንደርስ ቆመ።

በኦሊምፒያ የሰረገላ ውድድር የወይራው አክሊል የሚደፋው ነፍሱን አስይዞ ለነዳው ሳይሆን ለፈረሶቹ ባለቤት ነበር። ፈረስ ማርባት ሀብት ስለሚጠይቅ ድሉም የሀብታም ሆነ። ይኸው ደንብ ግን ለስፓርታዋ ልዕልት ለኪኒስካ በር ከፈተላት። ሴት በማትወዳደርበት በዚያ ሜዳ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ396 እና በ392 ፈረሶቿ ቀደሙ፤ አሸናፊዋም እሷ ተባለች። «ሳይነዱ ማሸነፍ ድል ነው?» በሚል ያካሄድነው ክርክር የዓመቱ ምርጥ ነበር። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ኪኒስካ በሐውልቷ ላይ ከግሪክ ሴቶች ሁሉ አክሊሉን የወሰደች እሷ ብቻ መሆኗን ማስጻፏን ጠቅሳ ተከራካሪዎቿን ዝም አሰኘች።

በሮም ከሰረገላ ነጂዎቹ ብዙዎቹ ባሮች ነበሩ። ሆኖም ዲዮክሊስ የተባለው ነጂ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን በ24 ዓመት ውስጥ 4,257 ጊዜ ተወዳድሮ 1,462 ጊዜ አሸንፏል። የሒሳብ ክበብ ጓደኞቻችን ከሦስት ውድድር አንዱን ማሸነፉን አስልተውልናል። በቁስጥንጥንያ ስለነበሩት የሰማያዊና የአረንጓዴ የሰረገላ ቡድኖች ደጋፊዎች ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ የኳስ ወዳጆቹ ቶሎ ገባቸው። እ.ኤ.አ. በ532 ሁለቱ ወገኖች አብረው በንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ላይ ባመፁ ጊዜ 30,000 ያህል ሰው እዚያው መሽቀዳደሚያው ውስጥ ማለቁን ሲሰሙ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ።

ለድራማ የመረጥነው እ.ኤ.አ. በ1674 በቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት የታየ አንድ ክስ ነው። አንድ ልብስ ሰፊ ባዝራውን ከአንድ ጌታ ፈረስ ጋር ለማሽቀዳደም ተወራርዶ ፍርድ ቤት ቀረበ። እሽቅድምድም የጌቶች ጨዋታ ነው ተብሎ 100 ፓውንድ ትምባሆ ተቀጣ። ጌታው በበኩሉ ባዝራዋ እንድታሸንፍ ፈረሱን ከመንገድ ሊያስወጣ በጽሑፍ ተዋውሎ ስለተገኘ ለአንድ ሰዓት በእግር ግንድ እንዲቀመጥ ተፈረደበት። ልጆቹ የሳቁት በጌታው ነው፤ እኔን የገረመኝ ግን አንዱ በማጭበርበሩ፣ ሌላው በማንነቱ መቀጣቱ ነው።

ከዚህ ጋር አያይዘን ያነበብነው ኬንታኪ ደርቢ የተባለውን የአሜሪካ የፈረስ እሽቅድምድም ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1875 በመጀመሪያው ውድድር ከ15 ጋላቢዎች 13ቱ ጥቁሮች ነበሩ፤ ያሸነፈውም ጥቁሩ ኦሊቨር ሉዊስ ነው። አይዛክ መርፊ በኋላ ሦስት ጊዜ ድል አድርጓል። ሥራው ገንዘብና ዝና ሲያመጣ ግን ሃያኛው ክፍለ ዘመን ብዙም ሳይገፋ ጥቁር ጋላቢዎች ከሜዳው ተገፍተው ወጡ። ስለዚህ ጉዳይ በሚኒ ሚዲያ ያቀረብነው ዝግጅት በተማሪዎች ጥያቄ ተደግሟል።

ድራማውን በመጪው ዓመት መጀመሪያ ለአዲስ ገቢዎች እናሳያለን። ልብስ ሰፊውን የተጫወተው ልጅ 12ኛ ክፍል ስለጨረሰ ቦታው ክፍት ነው። ጌታውን ለመሆን የተመዘገቡት ብዙ ናቸው፤ ልብስ ሰፊ ለመሆን ግን እስካሁን ማንም አልመጣም።