እንቁላሉ መጀመሪያ ይፈልፈል

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን የስፖርት ገጻችሁ ላይ ስለ ከተማችን የኤንቢኤ ቅርጫት ኳስ ቡድን፣ ስለ ዋሽንግተን ዊዛርድስ፣ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሥራ ቦታ፣ ከዚያ ደግሞ ቤት ገብቼ፣ ምናልባት ተናድጄ ነው እንጂ ጸሐፊው እንዲህ አላለም ብዬ። ብሏል። ደጋፊው ይታገሥ፣ ቡድኑ እንደ አዲስ እየተገነባ ነው፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላል።

ወንድሜ፣ እንቁላል በእግሩ ለመሄድ መጀመሪያ መፈልፈል አለበት። እኛ ጋ እንቁላሉ ሊፈለፈል ሲል ይሸጥና ሌላ እንቁላል ይገዛበታል።

ማን ነህ ለምትሉኝ፣ ዲሲ ቻይናታውን ውስጥ፣ ቡድኑ ከሚጫወትበት አሬና ብዙም በማይርቅ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። አሥራ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ቡድኑ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ለማወቅ ቴሌቪዥን አያስፈልገኝም፣ መኪናው ይነግረኛል። ጨዋታው ጥሩ ሲሆን እስከ መጨረሻው ደቂቃ አንድ ሰው ዝር አይልም፣ ከዚያ ሁሉም በአንዴ ይመጣና ቁልፍ ቁልፍ ይለኛል። አሁን ግን ከአራቱ ክፍለ ጊዜ ሦስተኛው፣ ሦስተኛው ኳርተር የሚሉት፣ ሳያልቅ መኪና ማውጣት እጀምራለሁ። አራተኛው ሲጋመስ ሥራዬን ጨርሼ እግሬን ሰቅያለሁ። ለወገቤ ጥሩ ነው። ለልቤ ግን አይደለም።

እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017ን አልረሳውም። በፕሌይኦፍ፣ በጥሎ ማለፉ፣ ከቦስተን ጋር ስድስተኛው ጨዋታ፣ ከተሸነፍን ያበቃልናል። እኔ ቡዝ ውስጥ ሬዲዮ ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ጥቂት ሴኮንድ ሲቀር የኛው ጆን ዎል ከሦስት ነጥብ ክልል ላካት፣ ገባች፣ 92 ለ 91። መሬት ሥር ሆኜ የሰማሁት ጩኸት ከሬዲዮው ይሁን ከመንገዱ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ሕዝቡ መጣ። አንድ ሽማግሌ ነጭ ሰውዬ ትኬቱን ሊሰጠኝ ዘርግቶ ትኬቱን ረሳና አቀፈኝ። ከረባት ያሰሩ ሰዎች መወጣጫው ላይ ይጨፍራሉ። የዚያን ማታ ያገኘሁትን ቲፕ ለባለቤቴ በትክክል አልነገርኳትም፣ ይህን ካነበበች ይቅርታ።

ከሦስት ቀን በኋላ ቦስተን ላይ ሰባተኛውን ተሸነፍን። ያ ዓመት 49 ጨዋታ ያሸነፍንበት ነበር። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፣ ምክንያቱም ይህ ቡድን ከ1979 ወዲህ በአንድ ሲዝን 50 ያሸነፈበት አንድም ጊዜ የለም። ዋንጫ የበላው ደግሞ በ1978 ነው፣ ያኔ ስሙም ቡሌትስ ነበር። ስለዚህ ታገሡ ስትሉን ለማን እንደምትናገሩ እወቁ። እኛ ትዕግሥትን የምንማር ሰዎች አይደለንም፣ የምናስተምር ነን።

እስኪ ወደ አሁኑ እንምጣ። በ2023 ማይክል ዊንገርና ዊል ዳውኪንስ የሚባሉ ሰዎች ቡድኑን እንዲመሩ መጡ፣ ኮከቦቻችንን፣ ብራድሊ ቢልን ወደ ፊኒክስ፣ ፖርዚንጊስን ወደ ቦስተን ላኩ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ አልተቃወምኩም። ቢል የአምስት ዓመት 251 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት ነበረው፣ በዚያ ላይ ካልፈለግሁ አልሸጥም የሚል አንቀጽ አስገብቷል፣ ቡድኑም ላይ ታች ሳይል መሃል ላይ ተቸክሎ ነበር። ይፍረስ አልኩ። ፈረሰ። በመጀመሪያው ዓመት 15 አሸንፈን 67 ተሸነፍን፣ ክለቡ በታሪኩ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። በሁለተኛው 18 ለ 64። ፖርዚንጊስ እዚያ በሄደ በዓመቱ ዋንጫ በላ፣ እሱን እንተወው።

በዲሴምበር 2024 ደግሞ 16 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈን ዴንቨር መጣ። የነሱ ኮከብ ዮኪች ብቻውን 56 ነጥብ አገባብን። አሸነፍን! ሰውዬው በሕይወቱ አግብቶ የማያውቀውን ያህል አግብቶ እኛ አሸነፍን። እዚያ ማታ ፓርኪንጉ ውስጥ የነበረውን ሳቅ ብታዩት ኖሮ፣ ሕዝቡ ምን እንደራበው ያኔ ይገባችሁ ነበር።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። መሸነፍ አይደለም ያናደደኝ። መሸነፍ ለምጃለሁ። ያናደደኝ ማሸነፍን እንድንፈራ መደረጋችን ነው።

ኤፕሪል 13 ቀን 2025፣ የሲዝኑ የመጨረሻ ቀን፣ ከማያሚ ጋር። ቤት ከልጄ ጋር ሆነን እናያለን፣ እሁድ ስለሆነ ባለቤቴ ቡና አቀራርባ ቤቱ በእጣን ጭስ ታፍኗል። በአንድ ነጥብ እየተመራን ነው። ካሪንግተን፣ ያ ልጅ፣ የባልቲሞር ልጅ ነው ለማያውቅ፣ ሰዓቱ እያለቀ ወረወራት። ገባች። 119 ለ 118። ከሶፋው ዘልዬ ስነሳ ስኒ ገለበጥኩ። ዞር ስል ልጄ ራሱን ይዟል። "አባዬ፣ ምን ሆነሃል፣ ይሄ እኮ ለኛ መጥፎ ነው" አለኝ።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ቡድኑ በመጨረሻዋ ሴኮንድ አሸነፈለት፣ እሱ ደግሞ አዘነ። እኔም ቆም ብዬ ሳስበው ልክ ነው። ለማያውቅ፣ ቡድኖቹ በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን በተራ ይመርጣሉ፣ የፊተኛው ተራ በሎተሪ ይወጣል፣ ደካሞቹም የተሻለ ዕድል ነበራቸው። ያን ጨዋታ ብንሸነፍ ከዩታ ጋር በመጨረሻው ደረጃ እኩል እንሆን ነበር። በ2025 ሕግ የመጨረሻው መጨረሻ የሆነ ቡድን ሎተሪው ቢጨክንበት እንኳ ከአምስተኛ ምርጫ በታች አይወርድም ነበር። ከመጨረሻ ሁለተኛው ግን እስከ ስድስተኛ ሊወርድ ይችል ነበር። ሜይ 12 ሎተሪው ወጣ (ቀኑን አያችሁልኝ? ልክ የዎል ቀን፣ ስምንት ዓመት ቆይቶ)። ዩታ አምስተኛ፣ እኛ ስድስተኛ። አንደኛውን፣ ሁሉም የሚመኘውን ወጣት ኩፐር ፍላግን የሚያስመርጠውን፣ 1.8 ከመቶ ዕድል የነበረው ዳላስ ወሰደው። እኛ 14 ከመቶ ነበረን። ልጄ ምንም ሳይናገር ክፍሉ ገባ።

እኔ ራሴ የሎተሪ ልጅ ነኝ። ዲቪ ደርሶኝ ነው የመጣሁት፣ ስለ ዕጣ ማንም አይነግረኝም። ግን ዲቪ ለመሙላት ብዬ ሆን ብዬ ቤቴን አላፈረስኩም። ሞላሁ፣ ጠዋት ተነስቼ ሥራዬን ሄድኩ፣ ደረሰኝ። ባይደርሰኝም ሥራዬ ነበረኝ። የኛ ቡድን ግን ሥራውን ትቶ ፎርም ብቻ እየሞላ ነው።

አገር ቤት እያለሁ የቡና ደጋፊ ነበርኩ። አዲስ አበባ ስታዲየም ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለን ድምፃችን እስኪዘጋ እየዘመርን ስንት ዓመት ዋንጫ ጠበቅን። በ2003 ዓ.ም. ሲበላ እኔ እዚህ መኪና እያቆምኩ ነበር፣ ይሄም ዕድል ነው። ግን በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ዛሬ በተሸነፍን ብዬ ወደ ስታዲየም አልገባሁም። እዚያ መጨረሻ ከሆንክ ትወርዳለህ፣ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ያለ ቡድን ደሙን እየተፋ ነው የሚጫወተው። እዚህ መጨረሻ ስትሆን ትሸለማለህ። ሕጉን ያወጡት ደካማው ይጠናከር ብለው ነው፣ ሐሳቡ ደግ ነው። ሰው ግን ድክመትን ሥራ አድርጎ ያዘው።

የጋዜጣችሁ ጸሐፊ ኦክላሆማ ሲቲን አይታችሁም ወይ ይላል። አይተናል። በ2025 ዋንጫውን በሉ፣ በ2021 በ72 ጨዋታ 22 ብቻ አሸንፈው ነበር፣ ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ዳውኪንስም ከዚያው ቤት ነው የመጣው። ግን ሙሉውን ታሪክ እንንገር እንጂ። የኦክላሆማ ዋና ሰው ሻይ ጊልጀስ አሌክሳንደር በመሸነፍ የተገኘ አይደለም፣ በ2019 ፖል ጆርጅን ሲሸጡ ከክሊፐርስ የመጣ ነው። ጄለን ዊሊያምስን የመረጡበት ምርጫ ራሱ የዚያው ግብይት ልጅ ነው። በነገራችን ላይ ያኔ በክሊፐርስ በኩል ጄኔራል ማናጀር የነበረው ማን መሰላችሁ? የኛው ዊንገር። ሰውዬውን ለመክሰስ አይደለም፣ የላይ አለቃ ነበረው። ብቻ ኦክላሆማን ምሳሌ ስታደርጉ ይቺንም አብራችሁ አቅርቡልን።

ለምን ፊላዴልፊያን አትጠቅሱም? በ2014 ኮከባቸውን ኤምቢድን አገኙ፣ በ2015–16 10 አሸንፈው 72 ተሸነፉ፣ ከዚያ እስከ 2025 ድረስ የፕሌይኦፉን ሁለተኛ ዙር አላለፉም። ወይ ዲትሮይትን ጥቀሱ። ዲትሮይት 28 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ የዓለም መሳቂያ ሆነ፣ ሲዝኑን በ14 ድል ጨረሰ። በማግስቱ ምን አደረጉ? ኮከባቸውን ኬድ ከኒንግሃምን አልሸጡም፣ ዙሪያውን ጨዋታ የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎች አመጡለት፣ አሠልጣኝ ቀየሩ፣ 44 አሸንፈው ፕሌይኦፍ ገቡ። በአንድ ዓመት! ማንም ለደጋፊው ታገሥ አላለም፣ አፍረው ሠሩ እንጂ።

እኛ ዘንድ ግን ገና አላለቀም። ለምን እንደሆነ ብዙ ሰው ስለማያውቅ ልንገር። በ2020 ዎልን ወደ ሂውስተን ስንልክ አንድ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ደርበን ሰጥተን ነበር። ያ ዕዳ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ በ2025 ኒውዮርክ እጅ ነበር። በ2026 ምርጫችን ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ከወደቀ ለኛ ይቀር፣ ዕዳውም ወደ ሁለተኛ ዙር ይወርድ ነበር። ከስምንት በኋላ ከሆነ ኒውዮርክ ይወስደው ነበር። ስለዚህ የ2025–26 ሲዝን ገና ሳይጀመር ማሸነፍ ኪሳራ ነበር። ይህን እያወቅን በኦክቶበር ትኬት ግዙ፣ ጩኹ፣ ጨፍሩ እንባል ነበር። እኔ ብሆን ቢያንስ ከላይኛው ወንበር ዋጋ ላይ ቅናሽ አደርግ ነበር።

ደግሞ ማሊያው። ለልጄ መጀመሪያ የቢልን ገዛሁለት፣ ኮንትራቱን በፈረመ ሰሞን፣ አምስት ዓመት የትም አይሄድም ብዬ። በዓመቱ ሄደ። ቀጥሎ የኩዝማን። በፌብሩዋሪ 2025 ሚልዋኪ ሄደ። ፑልን ገዝተን ቢሆን እሱም በ2025 ሰመር ኒው ኦርሊንስ ገባ። አሁን ለልደቱ ምን ልግዛልህ ስለው ስም የሌለበት ማሊያ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

የቡድኑን ልጆች ግን እወዳቸዋለሁ፣ ይሄ ይታወቅልኝ። አሌክስ ሳር ቁመቱ ሰማይ ደርሶ እንደ አጭር ሰው ይሮጣል፣ ኩሊባሊ መከላከል ያውቃል፣ ካሪንግተን አይፈራም። በ2025 ገና ሃያና ሃያ አንድ ዓመታቸው ነበር። የምፈራው ለነሱ ነው። በየማታው በሃያ ነጥብ መሸነፍ የለመደ ልጅ መቼ ነው ማሸነፍ የሚማረው? ሌከርስ ወይም ሴልቲክስ ሲመጡ አሬናው በእንግዳው ማሊያ ይሞላል፣ በገዛ ቤታቸው ሲተፋባቸው ያመሻሉ። ከዚያ የሚወጡትን መኪናዎች የማወጣው እኔ ነኝ። ደስ ብሏቸው ነው የሚወጡት፣ ቲፕም ጥሩ ነው፣ ግን ያ ገንዘብ እጄን ይኮሰኩሰኛል።

አንድ ጓደኛ አለኝ፣ የአርሰናል ደጋፊ፣ በ2025፣ ከ2004 ጀምሮ ሊግ አልበላንም እያለ ያለቅስ ነበር። ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ወጥተው! አንተ ሰውዬ፣ ሁለተኛ ምን እንደሚመስል ፎቶውን አሳየኝ እለው ነበር። ይህን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ጋዜጣችሁ በየሳምንቱ ስለ አርሰናልና ማንቸስተር ሁለት ገጽ ይጽፋል፣ ይሁን፣ እኔም አነባለሁ። ግን ግማሹ አንባቢያችሁ የሚኖርበት ከተማ ቡድን ሲነሳ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፣ ያውም ዝም በሉ ለማለት።

በ2023 መጨረሻ የቡድኑ ባለቤት ቡድኑን ከዲሲ አውጥቶ ወደ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ፖትማክ ያርድ ሊወስድ ነው ሲባል እኛ የፓርኪንግ ሰዎች ስንት ሌሊት እንዳልተኛን አልጻፋችሁም። በማርች 2024 ነገሩ ፈረሰ፣ የዲሲ ከተማ ለአሬናው እድሳት 515 ሚሊዮን ዶላር ሊያወጣ ተስማማ፣ እስከ 2050 እዚሁ ናቸው። ደስ ብሎኛል፣ እንጀራዬ ነው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለምኖር ግብሩም ከኪሴ አይወጣም። ዲሲ የሚኖረው ወገኔ ግን ያን ያህል ከፍሎ ምን እያየ እንደሆነ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ጸሐፊያችሁን አንድ ነገር ልጋብዘው። ሲዝኑ ሲጀመር በአንድ የጨዋታ ማታ ይምጣና ቡዙ ውስጥ ከኔ ጋር ይቀመጥ። ከተጨማሪ ወንበር ጋር ጠባብ ናት፣ እንቻቻላለን። ቡና በቴርሞስ ከቤት አመጣለሁ። ከሦስተኛው ኳርተር ጀምሮ መኪና እንቆጥራለን። ታገሡ የሚለውን ቁልፍ ሊቀበሉ ለሚመጡት እሱ ራሱ ይንገራቸው፣ እኔ መኪናቸውን አወጣለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የፓርኪንግ ሠራተኛ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ