ቡናማው የታለ? የሳይንስና ፈጠራ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን የሠራው አንድ ነገር ነው፤ አንዲት ሳጥን። የጫማ ካርቶን ታህላለች። ጎኖቿ ከኮምፔንሳቶ ናቸው፣ ላይዋ በስስ ነጭ ወረቀት ተሸፍኗል። ፊት ለፊቷ አራት ማዞሪያና አንዲት ቁልፍ አሏት። ማዞሪያዎቹ ሲዞሩ ወረቀቱ መሃል ላይ ያለው ክብ ብርሃን ቀለሙን ይቀይራል። ቁልፏን የተጫነ ሰው የመረጠው ቀለም ይመዘገብለታል። ምን እንደምትሠራ የሚገልጽ ጽሑፍ ግን የለባትም። ሆን ብለን ነው የተውነው፤ እመለስበታለሁ።

ጥቅምት ላይ ስንጀምር ልጆቹ ማወቅ የፈለጉት ሁለት ነገር ነበር። ሰው ያሻውን ቀለም መሥራት ቢችል የትኛውን ይመርጣል? ደግሞስ ማንም ሳይነግረው እጁን ይዘረጋል?

ውስጧ ያለው አርዱይኖ ኡኖ የሚባል፣ በጻፉለት ፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። አርዱይኖ በ2005 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ፣ ኢቭሬያ በምትባል ከተማ የተጀመረ ነው፤ መሐንዲስ ላልሆኑ የዲዛይን ተማሪዎች ታስቦ። ልጆቼ ቶሎ የለመዱት ለዚህ ይመስለኛል። ብርሃኑን የሚሰጠው አንድ ኤልኢዲ የሚባል ትንሽ መብራት ነው። በአንዷ ጉልላት ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255፣ ማለትም 256 ደረጃ አለው። የሦስቱ ደረጃዎች ሲባዙ 16,777,216 ቅልቅል ይወጣቸዋል። ይህን አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ በእጁ አባዝቶ ነው ያገኘው።

መብራቱ ደብዘዝ የሚለው ኤሌክትሪኩ ቀንሶ አይደለም። አርዱይኖው በሰከንድ 490 ጊዜ ያህል ያበራዋል፣ ያጠፋዋል፤ ዓይናችን አይደርስበትም። ልጆቹ አላመኑኝም። መጋረጃውን ዘጋን። አንዱ ኤልኢዲውን ከነሽቦው ይዞ ጨለማው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አወናጨፈው። አየር ላይ የታየው የተቆራረጠ የብርሃን መስመር ነበር። ከዚያማ ሁሉም እኔም ካልሞከርኩ አለ።

ኅዳር ላይ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ ሥዕል ክፍል ቀይና አረንጓዴ ስንቀላቅል ቡናማ ይወጣል። እዚህ ግን ቢጫ ነው የሚሆነው። ቡናማው የታለ?»

የጥያቄዋ ግማሽ ወዲያው ይመለሳል። የሥዕል ቀለም ብርሃን ይውጣል፤ በተቀላቀለ ቁጥር ይጨልማል። ብርሃን በብርሃን ላይ ሲጨመር ግን ይፈካል። ሌላው ግማሽ ነው ያስቸገረን። ብርቱካናማ ሠራን። ቀነስነው፣ ደበዘዘ፤ ያው ብርቱካናማ ነው። ትንሽ ሰማያዊ ጨመርን፤ ሌላ ነገር ሆነ። ሦስት ረቡዕ በዚህ አለፈ። ልጅቷ ግን አልተወችንም። ቤቷ በየቀኑ የሚቆላውን ነገር ቀለም ይቺ ሳጥን እንዴት አታውቅም?

መልሱ የመጣው የተነቀለ ሽቦ ስንፈልግ ነው። ጥር ላይ አንዱ ልጅ የስልኩን መብራት አብርቶ በጀርባዋ በኩል ሳጥኗ ውስጥ አስገባው። ኤልኢዲው በጥቁር ካርቶን ቱቦ ተከልሏል፤ ስለዚህ የስልኩ ብርሃን መሃል አልደረሰም። ዙሪያውን ያለውን ወረቀት ብቻ ነጭ አድርጎ አበራው። መሃሉን ያን ደብዛዛ ብርቱካናማ ላይ ነበር የተውነው።

«ቡና!» ብላ ጮኸች ልጅቷ።

ስልኩን አጠፋው፤ ብርቱካናማ። አበራው፤ ቡናማ። ደግሞ አጠፋው። ክቡ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። የተለወጠው ዙሪያው ነው። ቡናማ ማለት ከጎኑ የደመቀ ብርሃን ሲኖር የሚታይ ደብዛዛ ብርቱካናማ ነው። ዓይናችንና አእምሯችን አንድን ቀለም ለብቻው አይመዝኑም፤ ከጎረቤቱ ጋር ያስተያዩታል። ፊዚክስ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው፤ ይህን በዓይኔ ያየሁት ግን የዚያን ቀን ነው። ልጆቹ ከአሮጌ ቻርጅ መብራት ነጭ ኤልኢዲዎች ነቅለው ዙሪያውን ገጠሙ። አራተኛዋ ማዞሪያ የመጣችው በዚህ ነው።

የካቲት ላይ መብራት ሄደና የተመዘገበው ምርጫ ሁሉ ጠፋ። አርዱይኖው ግን ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የማይጠፋ 1,024 ባይት ማስታወሻ አለው። አንድ ምርጫ 4 ባይት ስለሚወስድ 256 ምርጫ ይበቃዋል። ፕሮግራሙን እንደገና የጻፉት ሁለት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ በአንድ ሳምንት።

ወደ ጽሑፉ ልመለስ። ሚያዝያ ላይ ሳጥኗን ቤተ መጻሕፍት ስናስቀምጣት «እባክዎ ማዞሪያውን ያዙሩ» የሚል ወረቀት ለጥፈን ነበር። ተማሪው አንዴ ያዞራል፣ ይሄዳል። ወረቀቱን ስናነሳው ነገሩ ተለወጠ። ይቆማሉ፣ ይዞሯታል፣ ጎንበስ ብለው በጎን ያያሉ። «የማን ናት?» ይባባላሉ። ከዚያ አንዱ ደፍሮ ይነካታል። አብዛኛው ሰው ሁሉንም እስከ ጫፍ ያዞራል፤ ነጭ ይሆናል። ቀስ እያለ ወደኋላ የሚመልሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ፍለጋው የሚጀምረውም እዚያ ጋ ነው።

ሰኔ ላይ፣ በወላጆች ቀን፣ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ራቅ ብለው እጃቸውን አጣምረው ያዩ ነበር። አንዷ ተማሪያችን «እማማ፣ ይሞክሩት» አለቻቸው። «ባበላሸውስ?» አሉ። «አይበላሽም።» አንዷን ማዞሪያ በሁለት ጣት ይዘው እንደ ሬዲዮ ቀስ ብለው አዞሩ። ቀዩና አረንጓዴው ተጋጠሙ። ቆሙ። «ይቺ አደይ አበባ ናት» አሉና ቁልፏን ተጫኑ። ከዚያ ዞር ብለው «የኔም ተጻፈ?» ብለው ጠየቁ። ተጽፏል።

ኮምፔንሳቶውን ያለ ክፍያ ለቆረጡልን የሰፈር አናጢ፣ ብሩሽና ቀለም ላዋሱን የሥዕል መምህር በልጆቹ ስም አመሰግናለሁ። ሳጥኗ ክረምቱን ቤተ መጻሕፍት ትቆያለች። ያቺ የቡናማዋ ልጅ ግን የመጨረሻው ረቡዕ ዕለት ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ቆመችና፣ «ቲቸር፣ ወርቃማስ?» አለችኝ። መስከረም ላይ ከዚያ እንቀጥላለን።