የቅዳሜ ማዳመጫ፦ የጆን ማክላክሊን አልበሞች

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ቅዳሜ የጊታሪስቱን የጆን ማክላክሊንን አልበሞች እናዳምጣለን። ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በተለመደው ክፍል። ሁሉንም በአንድ ቀን መስማት ስለማይቻል ሦስት መርጫለሁ።

የምንጀምረው እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው «ዘ ኢነር ማውንቲንግ ፍሌም» ነው፤ ማክላክሊን የመሠረተው ባንድ፣ የማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ፣ የመጀመሪያ አልበም። ይሄን ሳናቋርጥ እስከ መጨረሻው እንሰማዋለን። ጊታሩ፣ የጄሪ ጉድማን ቫዮሊንና የያን ሃመር ኪቦርድ እየተቀባበሉ ሲሮጡ ልብ በሉ። የቢሊ ኮብሃም ድራም ደግሞ ለብቻው ያስደምማል። ምቱን በእግራችሁ ለመቁጠር ያሰባችሁ፣ በርቱ!

ቀጥሎ ከህንድ ሙዚቀኞች ጋር የነበረው ባንድ፣ የሻክቲ፣ የ1976 አልበም አለ። እዚህ ማክላክሊን በአኩስቲክ ጊታር ከዛኪር ሁሴን ታብላ (የህንድ ከበሮ) እና ከኤል ሻንካር ቫዮሊን ጋር ይጫወታል። ያው ሰውዬ መሆኑን ለማመን ይከብዳል። መጨረሻ ላይ ከጊታሪስቶቹ ከፓኮ ዴ ሉሲያና ከአል ዲ ሜኦላ ጋር የሠራው «ፍራይደይ ናይት ኢን ሳን ፍራንሲስኮ»፤ አብዛኛው በዲሴምበር 1980 መድረክ ላይ የተቀዳ ነው።

ሰዓት ከተረፈን አንድ እንጨምራለን። የ1969ኙ «ኤክስትራፖሌሽን» ወይስ የ1973ቱ «በርድስ ኦፍ ፋየር»? የኔ ድምፅ ለመጀመሪያው ነው፤ ከማሃቪሽኑ በፊት የነበረው አጨዋወቱ ብዙም አይወራለትም።

ከነዚህ የአንዱ ሸክላ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ማጫወቻው ይኖራል። ስልካችሁን ድምፅ አልባ አድርጉ። መምጣታችሁንና ምርጫችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ፤ ወንበር የማዘጋጀው በዚያ ቁጥር ነው።